ኔክሮፖሊስን ይዞ ላለመሸነፍ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደረጃ በደረጃ

ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3 በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የሙታኑን ከተማ፣ ኔክሮፖሊስን፣ ይዘው የተሸነፉ ሰዎች የሚነግሩኝ ነገር ይመሳሰላል። ያገኙትን ሕንፃ ሁሉ ሠርተዋል፣ አፅሙንም ዞምቢውንም ገዝተዋል፣ ወርቁ አልቋል። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ጦሩ ይጎተታል፣ ከየማዕድኑ ጠባቂ ጋር ሲጋጠም እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ጠላት ከተፍ ይላል። ስህተቱ ከመነሻው ነው፤ ይህን ከተማ እንደ ሌሎቹ ይጫወቱታል። የሙታን ጦር ግን ከገበያ አይሸመትም፣ ከጦር ሜዳ ይለቀማል። እያንዳንዱ ውጊያ ሲያልቅ ስትገቡ ከነበራችሁት በላይ ይዛችሁ መውጣት አለባችሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተደረደረው ለዚህ ነው። አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ከዘለላችሁት ግን አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እትማችሁን እዩ። እዚህ ያሉት ቁጥሮች የሻዶው ኦፍ ዴዝ እና የኮምፕሊት እትም ናቸው። ሆርን ኦፍ ዘ አቢስ የተባለውን፣ ደጋፊዎች የሠሩትን ማስፋፊያ ጭናችሁ ከሆነ ኔክሮማንሲ፣ ማለትም ከገደላችሁት ጠላት አፅም የሚያስነሣው ክህሎት፣ እዚያ ተቀንሷል። ቅደም ተከተሉ ይሠራል፤ የሚነሡት አፅሞች ግን ያንሳሉ።

አስቸጋሪነቱን ኖርማል ላይ አድርጉ። በኖርማል 20,000 ወርቅ፣ 20 እንጨት፣ 20 የብረት ማዕድን፣ ከሌሎቹ ደግሞ አሥር አሥር ይሰጣችኋል። ከአሥሮቹ ውስጥ ክሪስታሉንና ዕንቁውን አትንኩ። በአምስተኛው ቀን የምትሠሩት ሕንፃ 10 ክሪስታልና 10 ዕንቁ ይፈልጋል፤ አንዱ ቢጎድል ዕቅዱ ሙሉ ሳምንት ይዘገያል። ሃርድ ላይ ወርቁ 15,000 ነው፣ ክሪስታሉና ዕንቁው ደግሞ ሰባት ሰባት። እዚያ ለመጫወት ጎደሎውን ከካርታው መልቀም ግድ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን ሳትለምዱ አትግቡበት።

ሁለት ቃላት እንስማማ። ጨዋታው ሂሮ የሚለውን "አዝማች"፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለውን አንድ ዓይነት ወታደር ደግሞ "ጭፍራ" እላለሁ። አንድ አዝማች የሚይዘው ሰባት ጭፍራ ነው። ይህ ቁጥር በኋላ ዋጋ አለው።

ደረጃ 1፦ አዝማች ምረጡ

የኔክሮፖሊስ አዝማቾች ሁሉ ኔክሮማንሲን ይዘው ይጀምራሉ፤ ልዩነታቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቪዶሚና ወይም ኢስራ። የሁለቱም ልዩ ችሎታ ራሱ ኔክሮማንሲ ነው። ከአድቫንስድ ደረጃ ይጀምራሉ፣ በየሌቭሉም የሚያስነሡት መጠን በ5% ያድጋል። ለጀማሪ ከእነዚህ የተሻለ የለም።

ቮኪያል። ቫምፓየሮችን ያበረታል፣ ፍጥነታቸውንም በ1 ይጨምራል። ካርታው ትንሽ ሆኖ ጠላት ቶሎ የሚደርስባችሁ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ታንት። አኒሜት ዴድ የተባለውን ድግምት ከመጀመሪያው ቀን ይዞ ይመጣል፤ በውጊያ መሃል የወደቁትን ሙታን መልሶ ያቆማል። እየተጠነቀቁም ወታደር ለሚያልቅባቸው ሰዎች የምመክረው እሱን ነው።

ኒምቡስን አትምረጡ። ኢግል አይ የሚባለው ችሎታው ለዚህ መንገድ ምንም አይጨምርም፤ የክህሎት ቦታ ብቻ ይይዛል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን

1. ታቨርን ግቡና ሁለተኛ አዝማች በ2,500 ወርቅ ቅጠሩ።
2. የእሱን ወታደር ሁሉ ለዋናው አስረክቡ። እሱ ዘንድ አንድ አፅም ብቻ ይቅር።
3. ዋናውን አዝማች ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ወይም ወደ ብረት ማዕድኑ ላኩት። ሁለተኛው መሬት ላይ የተበተነውን ይልቀም።
4. ከከተማው ወታደር አትግዙ። አፅሙ 60 ወርቅ ብቻ ስለሆነ ያጓጓል፤ የዛሬው 60 ግን በስምንተኛው ቀን ትፈልጉታላችሁ።

ሁለቱን ማዕድኖች በሦስተኛው ቀን ግፋ ቢል በአራተኛው ካልያዛችሁ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እንጨት ይቆማል። የተሰጣችሁ 20 ብቻ ነው፤ ማዕድኑ በቀን የሚጨምረው ሁለት ነው፤ በመጨረሻ የሚሠራው ካስል ብቻውን አሥር ይወስዳል።

ደረጃ 3፦ የሰባቱ ቀን ግንባታ

በቀን አንድ ሕንፃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቅደም ተከተሉ ፎርት፣ ታቨርንና የአፅሙ ቤት ቀድመው ለተሠሩበት ከተማ ነው።

ቀን 1፦ ሜጅ ጊልድ (የድግምት ቤት)
ቀን 2፦ ኔክሮማንሲ አምፕሊፋየር (ኔክሮማንሲን የሚያሳድግ)
ቀን 3፦ ግሬቭያርድ (የዞምቢው ቤት)
ቀን 4፦ ኢስቴት
ቀን 5፦ የኢስቴት ማሻሻያ
ቀን 6፦ ሲታደል
ቀን 7፦ ካስል

ግሬቭያርዱ ቀድሞ ተሠርቶ ከጠበቃችሁ የተረፈውን ቀን ለታውን ሆል አውሉት፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን። 2,500 ወርቅ ይበላል፤ የቀን ገቢያችሁን ግን ከ500 ወደ 1,000 ያወጣዋል።

ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? ኢስቴት የቫምፓየር ቤት ነው። የተሻሻለው ኢስቴት ቫምፓየር ሎርድን ይሰጣል፤ ማሻሻያው ግን አምፕሊፋየሩ ሳይኖር አይከፈትም፣ አምፕሊፋየሩም ያለ ሜጅ ጊልድ አይሠራም። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ኢስቴቱን ይሠሩና ማሻሻያው ለምን እንደማይከፈት ግራ ገብቷቸው ቀኑን ያባክናሉ።

ሲታደሉና ካስሉ በመጨረሻ የመጡት አዲስ ወታደር የሚቆጠረው በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው። የቫምፓየር እድገት በሳምንት 4 ነው፤ ሲታደል ወደ 6፣ ካስል ወደ 8 ያደርሰዋል። ኢስቴቱ ሲሠራ የመጣው 4 እና የስምንተኛው ቀን 8 ሲደመሩ 12 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሎርድ 500 ወርቅ ነው፣ ስለዚህ 6,000 ያስፈልጋችኋል። ይህን ሳታወጡ አስቀምጡ። ካርታው ላይ ሣጥን ስታገኙና ጨዋታው በወርቅና በልምድ መካከል ሲያስመርጣችሁ፣ በዚህ ሳምንት ወርቁን ውሰዱ።

ተራውን ቫምፓየር በ360 ገዝታችሁ በኋላ ብታሻሽሉት ጭማሪው 140 ነው፣ ድምሩ ያው 500። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ወርቅ ካላችሁ መግዛት ጉዳት የለውም። ሳይሻሻሉ ግን ወደ ውጊያ አታስገቧቸው። ተራው ቫምፓየር ደም አይመጥም፤ የሞተው ሞቶ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ሎርዶቹ ሳይመጡ የምትገጥሙት

እስከ አምስተኛው ቀን ያላችሁ አፅምና ዞምቢ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ጠባቂው ላይ የመዳፊቱን ቀኝ ተጫኑና የሚወጣውን ቃል አንብቡ፤ ጨዋታው ብዛቱን በቃል ነው የሚናገረው።

ፊው፦ ከ1 እስከ 4
ሴቨራል፦ ከ5 እስከ 9
ፓክ፦ ከ10 እስከ 19
ሎትስ፦ ከ20 እስከ 49
ሆርድ፦ ከ50 እስከ 99
ስሮንግ፦ ከ100 እስከ 249

በመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ብለው በእግር የሚመጡ ደካማ ጠባቂዎችን ብቻ ንኩ። ቀስተኛ ከሆኑ እለፏቸው። አፅም በዙር አራት እርምጃ ብቻ ስለሚሄድ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋል።

አንድ አፅም ነጥላችሁ ለብቻው አሰልፉ። ወታደሩን መርጣችሁ፣ ሺፍት ተጭናችሁ ባዶውን ሳጥን ስትነኩ ማከፋፈያው ይመጣል። ይህ አንድ አፅም ቀድሞ ይማታና የጠላትን አጸፋ ይቀበላል፤ አጸፋ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ስለሆነ ዋናው ጭፍራ ከኋላው መጥቶ ያለ ጉዳት ይመታል። ስድሳ ወርቅ ከዚህ በተሻለ አይወጣም።

ደረጃ 5፦ ከሎርዶቹ ጋር መዋጋት

ሁሉም ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ቫምፓየር ሎርድ 40 ጤና አለው፣ ይበራል፣ ፍጥነቱ 9 ነው፣ የሚመታው ጠላት አጸፋ አይመልስለትም። ባደረሰው ጉዳት ልክ ራሱን ያድናል፤ ከጭፍራው የሞቱትንም ያስነሣል፣ ውጊያው ሲጀመር ከነበረው ቁጥር ባያልፍም። ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ሎርድ ከ5 እስከ 8 ይመታል፣ በአማካይ 6.5። አሥራ ሁለቱ በአንድ ምት ወደ 78 ያደርሳሉ። 78 ለ40 ሲካፈል በእያንዳንዱ ምት ሁለት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሎርድ ይነሣል ማለት ነው። ጠላት በአንድ ዙር ከዚያ በታች ካደረሰባችሁ ያለ ኪሳራ ትወጣላችሁ። አራት ሎርድ ብቻ ከያዛችሁ ግን ምቱ 26 ነው፤ አንድ እንኳ አያስነሣም። አራት ሎርድ ይዘው በስድስተኛው ቀን ወደ ከባድ ጠባቂ የሚሄዱ ሰዎች የሚከስሩት ለዚህ ነው። ስምንተኛውን ቀን ጠብቁ።

የአዝማቹ አጥቂነት ሒሳቡን ያሳድገዋል። አጥቂነታችሁ ከጠላት መከላከያ በበለጠ ቁጥር በየነጥቡ ጉዳቱ በ5% ይጨምራል፣ የሚመጠውም ደም አብሮ።

ሲጀመር እንዲህ አድርጉ፦

1. ሎርዶቹን አንድ ላይ፣ በአንድ ጭፍራ አሰልፉ። አትከፋፍሏቸው።
2. ጠላት ቀርፋፋ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር የደብልዩን (W) ቁልፍ ተጭናችሁ ጠብቁ። ጠላት ወደ እናንተ ይመጣል፤ በዙሩ መጨረሻ ትመታላችሁ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ፈጣኖቹ እናንተ ስለሆናችሁ እንደገና ቀድማችሁ ትመታላችሁ። ሁለት ምት በተከታታይ።
3. ጠላት ቀስተኛ ካለው አትጠብቁ። በመጀመሪያው ዙር በርራችሁ አጠገቡ ድረሱ፤ ጠላት የቆመበት ቀስተኛ ቀስቱን መወርወር ያቅተዋል።
4. አፅሞቹን ከኋላ አቁሙ። እነሱን የምታዘምቷቸው ሎርዶቹ እየተከበቡ ከሆነ ብቻ ነው።
5. የመጨረሻውን የጠላት ጭፍራ ቸኩላችሁ አትጨርሱ። መጀመሪያ የሎርዶቹን ቁጥር እዩ። አሥራ ሁለት ገብተው አሥር ከቀሩ፣ ብዙ ጤና የቀረውን ሕያው ጠላት ለመጨረሻ አስቀሩና ከእሱ መጥጣችሁ ሙሉ። ውጊያው የሚያልቀው ቁጥሩ ሲሞላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደም የሌለው ነገር አይመጠጥም። ሌሎች ሙታን፣ ጎለሞች፣ ጋርጎይሎችና ኤለመንታሎች ለሎርዶቹ ምንም አይሰጡም። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያጠራቀምኩትን የሎርድ ጭፍራ ጎለሞች የሚጠብቁት ማዕድን ላይ ጨርሼ ጨዋታውን እንደ አዲስ ጀምሬአለሁ። ሎርዶቹ እየመቱም ያልቃሉ፤ ነገሩ የሚገባችሁ ደግሞ ግማሾቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

አውቶ ኮምባትን አትጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ሎርዶቹን የሚጠብቅላችሁ እንደ ተራ ወታደር ነው።

ብሌስ የሚባለውን ድግምት ለሙታን ማባከን የለም፤ አይሠራባቸውም። ከሜጅ ጊልዱ ጠላትን የሚያዘገየው ስሎው ከወጣላችሁ ግን ከሁሉ በላይ እሱን ተጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ አፅሙን መልቀም

ኔክሮማንሲ በቤዚክ ደረጃ ከገደላችሁት 10%፣ በአድቫንስድ 20%፣ በኤክስፐርት 30% ያህሉን አፅም አድርጎ ያስነሣል። እያንዳንዱ አምፕሊፋየር 10% ይጨምራል። አድቫንስድና አንድ አምፕሊፋየር ካላችሁ 40 ጦረኛ ስትገድሉ 12 አፅም በነፃ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የሚቆጠረው በሟቾች ብዛት ስለሆነ ከአንድ ዘንዶ ይልቅ ብዙ ተራ ወታደር ያለበት ጠባቂ ይሻላችኋል።

ከእያንዳንዱ ውጊያ በፊት ሳጥኖቹን እዩ። አፅም ያለበት ጭፍራ ወይም አንድ ባዶ ቦታ ከሌለ ምንም አይነሣም። ባዶ ቦታ ጠፍቶ የተሻሻለ አፅም ብቻ ካላችሁ ደግሞ የሚነሣው በተሻሻለው መልክ ነው፣ ቁጥሩ ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ያልተሻሻለ የአፅም ጭፍራ ይዛችሁ ተዋጉ፤ ማሻሻሉ ከተማ ስትገቡ ይደርሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ስኬሌተን ትራንስፎርመርን ሥሩ። ከሌላ ወገን የቀጠራችሁት አዝማች ይዞት የመጣውን፣ ያለ ውጊያ የተቀላቀላችሁን ሁሉ እዚያ ክተቱ፤ አንድ ለአንድ አፅም ይሆናል። ዘንዶና ሃይድራ ብቻ ቦን ድራጎን (የአፅም ዘንዶ) ይሆናሉ። ሌላው ግን ምንም ያህል ውድ ቢሆን አፅም ነው፣ መልአክም ጭምር፤ መመለሻም የለውም። ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ወታደር ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ሁለት ጊዜ እዩ።

ደረጃ 7፦ ጦሩን ማንቀሳቀስ

አዝማቹ በቀን የሚሄደውን መንገድ የሚወስነው ጠዋት ሲነጋ ከእሱ ጋር ያለው ቀርፋፋ ወታደር ነው። ሎርዶች ብቻቸውን ከሆኑ 1,900 የመንገድ ነጥብ ታገኛላችሁ፤ አንድ አፅም ቢጨመር 1,560፤ ያልተሻሻለ ዞምቢ ካለ 1,500። በሳምንት ሲደመር ብዙ ነው።

መፍትሔው፦ ቀኑን ከመጨረሳችሁ በፊት ሁለተኛውን አዝማች ከዋናው አጠገብ አቁሙ፣ አፅሞቹን ለእሱ አሳልፉ፣ ቀኑን ዝጉ። ጠዋት መልሳችሁ ውሰዱና ሂዱ። ዞምቢዎቹን ደግሞ ለዘለቄታው ከተማ ጠባቂ አድርጓቸው።

ደረጃ 8፦ ሌቭል ሲጨምር

ከሚቀርቡት ሁለት ክህሎቶች አንዱ ኔክሮማንሲ ከሆነ ኤክስፐርት እስኪሆን ድረስ እሱን ውሰዱ። ቀጥሎ ኧርዝ ማጂክ፣ ዊዝደምና ሎጂስቲክስ። ዊዝደም ሳይኖር ከሦስተኛ ደረጃ ጀምሮ ያሉትን ድግምቶች መማር አይቻልም፤ አኒሜት ዴድም ሦስተኛ ደረጃ ነው። አፌንስና አርመረር ጥሩ ናቸው። ሌላውን ለማሰላሰል ጊዜ አታጥፉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ክሪስታል ወይም ዕንቁ ጎደለ። ማርኬትፕሌስ ሠርታችሁ መለወጥ ትችላላችሁ፣ ግን በአንድ ገበያ ምንዛሪው ከባድ ነው። ጎደሎው አንድ ሁለት ከሆነ ለውጡ፤ ከዚያ ከበለጠ ሲታደሉንና ካስሉን አስቀድሙና ማሻሻያውን ከቀን 8 በኋላ አድርጉት። የቫምፓየሩ እድገት አይጠፋም፤ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል።

ሎርዶቹ ከአምስት በታች ወረዱ። ወደ ከተማ ተመለሱ። ጥቂት ሎርድ ራሱን ማዳን አይችልም፤ የሳምንቱን አዲስ ጭፍራ ጠብቃችሁ ጨምሩበት።

ጎለም ወይም ሌላ ኔክሮፖሊስ መግጠም ግድ ሆነ። ሎርዶቹን ለቀስተኞቹ ብቻ አድርጓቸው፤ ውጊያውን በአፅሞቹ ብዛትና ከሩቅ በሚተኩሱት ሙታን፣ በሊቾች፣ ተዋጉ። የሊች ጭስ አጠገብ ያሉትን ሕያዋን ሁሉ ይጎዳል፣ ሙታንን ግን አይነካም። ስለዚህ ሕያው ጠላት አፅሞቻችሁን ከቦ ሲቆም መሃላቸው ተኩሱ፤ የእናንተ አንድም አይወድቅም።

አፅም መነሣቱ ቆመ። መጀመሪያ ሳጥኖቹን እዩ፤ ሰባቱም ተሞልተው ይሆናል። ቀጥሎ ማን እንደተዋጋ እዩ፤ ከሌላ ወገን የተቀጠረ አዝማች ኔክሮማንሲ ከሌለው አያስነሣም።

ከናንተ የበረታ ጠላት ወደ ከተማው መጣ። ዋናውን አዝማች ከግንቡ ውስጥ አታስቀምጡት። ከተማ ሲከላከል የተከበበ አዝማች መሸሽም እጅ መስጠትም አይፈቀድለትም፤ ግንቡ ከወደቀ ከነጦሩ ይጠፋል። ውጭ ሜዳ ላይ ሆኖ ቢያዝ ግን ወርቅ ከፍሎ እጅ በመስጠት ጦሩን ያተርፋል፤ ወርቅ ከሌለ ይሸሻል፣ ወታደሩ ይቀራል፣ እሱን ግን ታቨርን ውስጥ በ2,500 መልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ዞምቢዎቹንና ሁለተኛውን አዝማች ግንቡ ውስጥ ተዉ፣ ዋናውን አውጡ፤ ጠላት ከግንቡ ጋር ተዋግቶ ሲሳሳ በማግስቱ ሎርዶቹን ይዛችሁ ተመለሱበት።